የተወጋውን ዓይን ማን ይቁጠረው?

ጎበዝ፣ ዓይን ውስጥ መርፌ ተወግቶ ከዚያ ወዲያ የሆነውን አለመጠየቅ ይቻላል እንዴ?

የምናወራው ስለ አንድ ክፉ የግላኮማ ዓይነት ነው። ስኳር በሽታ ወይም የዓይን ደም ሥር መዘጋት ያመጣዋል። ዓይን ውስጥ የማይፈለጉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበቅሉና የፈሳሹን መውረጃ ይደፍናሉ። ግፊቱ ይጨምራል፣ ሕመሙ እንቅልፍ ይነሳል፣ ብርሃን ይጠፋል። እነዚያን ሥሮች ለማክሰም መድኃኒት ዓይን ውስጥ ይወጋል። ጠባችን ከመርፌውም ከሐኪሙም ጋር አይደለም፤ «ወግተናል፣ አበቃ» ከሚል አሠራር ጋር እንጂ!

በሀገራችንም የሚሠራበት አቫስቲን መጀመሪያ ለካንሰር የተሠራ ነው። ዋጋው እንዲቀል አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ሰው ይከፋፈላል። ሲከፋፈል ጀርም ከገባበት ግን የሚጎዳው አንድ ሰው ብቻ አይሆንም። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በፓኪስታን ፑንጃብ ክፍለ ሀገር የተበከለ መርፌ የብዙ ሰው ዓይን አጥፍቷል።

ጃፓን በ2012 ዓ.ም. አፍሊበርሴፕት የተባለውን ተመሳሳይ መድኃኒት ለዚሁ ግላኮማ ፈቀደች። ፈቅዳ ግን አልተኛችም፤ በዘወትር ሕክምና የተወጉት ምን እንደገጠማቸው ክትትል ተደረገ። ለሙከራ ተመርጦ የሚጠበቅ በሽተኛና ተራው በሽተኛ አንድ አይደሉማ!

እኛስ? የማቻከል ገበሬ ዓባይን ተሻግሮ፣ ከደብረ ማርቆስ እንኳ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ተወጋ እንበል። አገሩ ገብቶ በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ቢቀላና ቢጠዘጥዘው ለማን ይንገር? ይህ የመመረዝ ምልክት ነው፤ ቀን አይሰጥም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ጦርነት ደግሞ መንገዱን ደጋግሞ ዘግቶበታል። ቤቱ ተቀምጦ ቢታወር በማን መዝገብ ይገኛል? «ካልተመለሰ ድኗል» ተብሎ ይሆን?

በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ሀገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ዓይነ ስውራን አምስቱን ያህል ለዚህ ያበቃቸው ግላኮማ መሆኑን ነግሮናል። በሕክምናው ምክንያት ሌላ እንዳይጨመርበት ማን ይጠብቅ?

የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የመድኃኒት ጉዳት ማሳወቂያ ቅጽ አለው። ቅጽ የሚጠቅመው የሚሞላው ሲገኝ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የዓይን መርፌ ከብልቃጡ መለያ ቁጥር ጋር ይመዝገብ። በሳምንቱ ለበሽተኛው ስልክ ይደወል። የደብረ ማርቆስ ሆስፒታልም ዓይኑ ቀልቶ የመጣውን ተቀብሎ ለወጋው ሐኪም ያሳውቅ። ቁጥሩ በየዓመቱ ለሕዝብ ይውጣ።

በጀት የለም እንዳትሉን! መዝገብና እስክሪብቶ ስንት ብር ነው? ሊኩሉ ገብተው ዓይን ማጥፋት እንዳይሆን፣ የሚመለከታችሁ መልስ ስጡን።