ሙዝ መቁጠር ይብቃ፣ መኪና ይቆጠር!

ጧት ታክሲ ውስጥ ነን። ሬድዮው የዘፈን ምርጫውን ጨርሶ «ትናንት በከተማችን በደረሰ የትራፊክ አደጋ…» ብሎ ይጀምራል። ይሄን ያህል ሰው ሞተ፣ ይሄን ያህሉ ከባድ ጉዳት ደረሰበት፣ ይሄን ያህል ብር የሚገመት ንብረት ወደመ። ወያላው «ሒሳብ!» ይላል። ከኋላ ያሉት ሰውዬ መልሳቸውን ይቆጥራሉ። ጋቢና ያለችው ልጅ ስልኳን ትነካካለች። ቁጥሩ እንደ አየር ጠባይ ዘገባ አልፎን ይሄዳል። (ለአየር ጠባዩስ ዣንጥላ እንይዝለታለን!)

እኔም ከማይሰሙት አንዷ ነኝ። ጋዜጠኝነት ተምሬ እንኳን ቁጥር የማያስደነግጠኝ ለምንድነው ብዬ ሳስብ፣ ነገሩ አምስተኛ ክፍል ድረስ ይዞኝ ይመለሳል።

ትምህርት ቤታችን በር ላይ አስፋልት ነበር። ዜብራው በክረምት ታጥቦ መስከረም ላይ የማይታይ ዓይነት። አንድ ቀን ከእኛ በታች የምትማር ልጅ እዚያው ተገጨች። ተርፋለች፤ ግን ያን ዓመት ወደ ክፍል አልተመለሰችም። በማግስቱ ሰልፍ ላይ «ግራና ቀኝ አይታችሁ ተሻገሩ!» ተብለን ለሩብ ሰዓት ተመከርን። ከዚያ ክፍል ገባን። ሒሳብ ነበረን፤ ምዕራፉ «መረጃ አያያዝ»። አንድ ነጋዴ ሰኞ 20 ሙዝ፣ ማክሰኞ 35 ሙዝ ሸጠ፤ ባር ግራፍ ሥሩ። ሠራን። በመስኮት በኩል መኪናው ሲከንፍ ይሰማል፣ እኛ የማናውቀውን ሰውዬ ሙዝ እንቆጥራለን።

እነዚያ ሁለት ትምህርቶች አንድ መሆን ነበረባቸው። የዛሬው ክርክሬ ይኸው ነው።

እስቲ አስቡት። አንድ መምህር አምስተኛ ክፍልን ከጧቱ 2 ሰዓት ላይ ከግቢው አጥር ውስጥ ያቆማል። አንዱ ቡድን ሚኒባስ ይቆጥራል፣ አንዱ ባጃጅ፣ አንዱ የቤት መኪና፣ አንዱ ሲኖትራክ (ያ «ቀይ ሽብር» ብለን ስም ያወጣንለት!)። አንድ መኪና ሲያልፍ አንድ ጭረት፤ አምስተኛው ላይ አራቱን መሰረዝ። ለመመደብ ታርጋው ራሱ ያግዛል። ለዓመታት በለመድነው አከፋፈል ኮድ 1 ታክሲ፣ ኮድ 2 የቤት፣ ኮድ 3 የንግድ፣ ኮድ 4 የመንግሥት ነው። ልጆች ታርጋ ማንበብ እንዴት እንደሚወዱ ታናሽ ወንድም ያለው ሁሉ ያውቃል።

ክፍል ሲመለሱ ግራፉን በቆርኪ ይሠሩታል። አንድ ቆርኪ ለአምስት መኪና፣ በየዓይነቱ መደርደር። በማግስቱ በ4 ሰዓት፣ ሌላ ቀን ደግሞ ከትምህርት መውጫ ላይ ይደገማል። ያኔ ጥያቄው «ስንት መኪና አለፈ?» መሆኑ ይቀርና «ከባድ መኪና የሚበዛው እኛ በምንሻገርበት ሰዓት ነው ወይስ በሌላ?» ይሆናል። እዚህ ላይ ሒሳቡ የራሳቸው ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

ከፍ ላሉት ፍጥነትም አለ። በአጥሩ በኩል በሁለት የመብራት ምሰሶዎች መካከል 50 ሜትር ይለካ። የመምህሩ ስልክ ላይ ሰዓት መቁጠሪያ አለ። ያንን 50 ሜትር በ6 ሰከንድ ያለፈ መኪና በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው፤ በ3.6 ሰከንድ ያለፈው 50። በ50 የሚነዳ ሹፌር ልጅ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት ብቻ 14 ሜትር ያህል ሄዷል። ይሄን 14 ሜትር ልጆቹ ሜዳው ላይ በእርምጃ ይለኩት። ከዚያ በኋላ «ፍጥነት ይገድላል» የሚለውን መፈክር ማንም ሊሰብክላቸው አያስፈልግም።

«ልጆችን መንገድ ዳር አቁመሽ ልታስገጪ ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። ከአጥሩ ውስጥ ነው ያልኩት፣ መምህር ባለበት። ደግሞስ ያው ልጆች በየቀኑ ሁለቴ ብቻቸውን ይሻገሩት የለ? «ክፍሉ ውስጥ 70 ተማሪ ነው ያለው» የሚለው ግን እውነት ነው። መምህር ላይ ሥራ መቆለል ቀላል፣ መሥራቱ ከባድ እንደሆነም አውቃለሁ። ግን ይሄ ሥራ ሰው በበዛበት ይሻላል፤ ኮምፒውተር አይጠይቅም፤ ምዕራፉም በመጽሐፉ ውስጥ አለ። ነጭ ቀበቶ ታጥቀው የሚያሻግሩ ተማሪ ትራፊኮች ያሉበት ትምህርት ቤትማ ግማሹ ቡድን ተዘጋጅቷል።

ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ ሌላ ነው። «ግራና ቀኝ እይ» የሚለው ምክር ትክክል ቢሆንም ጥፋቱን በሙሉ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ይጥላል። ልጅቷ ስትገጭ «አላየችም» አልን፤ ዜብራው የት ሄደ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። በ30 ደቂቃ ውስጥ ስንት መኪና፣ በምን ፍጥነት እንዳለፈ የሚያሳይ የልጆች ግራፍ ወደ ወረዳው ቢሄድ ግን፣ ተጠያቂው መንገዱ ይሆናል። የፍጥነት መቀነሻ የሚጠይቅ የወላጅ ኮሚቴም ከለቅሶ ሌላ የሚያቀርበው ነገር ይኖረዋል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄ ነው።

ቁጥርን መጠየቅም የሚለመደው እንዲህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ ለ2016 ከኢትዮጵያ የተመዘገበው የመንገድ አደጋ ሞት ከ4 ሺህ 300 በላይ ነበር። የድርጅቱ የራሱ ግምት ግን 27 ሺህ ገደማ! በአንድ አገር፣ በአንድ ዓመት። ከሳምንት በኋላ ሐኪም ቤት የሞተው በየትኛው ዝርዝር ገባ? አምቡላንስ ያልደረሰለትስ? አጥር ሥር ቆሞ «መምህር፣ ሁለት ባጃጅ አመለጠኝ» ያለ ልጅ፣ ቁጥር ውስጥ የማይገባ ነገር እንዳለ ያውቃል። እኛ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ነው የሰማነው፤ አንዳንዶቻችንም አልሰማንም።

ያው ሪፖርት ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉ ሰዎችን በመግደል በዓለም ቀዳሚው የመንገድ አደጋ መሆኑንም ይናገራል። ከተማሪ ቤት እስከ እኛ ዕድሜ ማለት ነው፤ ታክሲው ውስጥ ያለነው አብዛኞቻችን።

እንግዲህ ነገ ጧት ሬድዮው ያንኑ ቁጥር ሲያነብ፣ ጋቢና የተቀመጠ አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ዞር ብሎ «ይሄ በየትኛው መንገድ ነው? በስንት ሰዓት?» ቢል ደስ ይለኛል። ሹፌሩም መስማቱ አይቀርም፤ ምናልባት ነዳጁን ለቀቅ ያደርጋል።

ቸር ያሻግረን!