ለቀብር የማይቀር ሰው ለሕፃን ለምን ይቀራል?



በእድራችን ደንብ መሠረት ቀብር ላይ ያልተገኘ አባል ይቀጣል። ስም ይጠራል፣ ቀሪ ይጻፋል፣ መቀጫውም ከወር መዋጮው ጋር ይሰበሰባል። ደግ ደንብ ነው፤ ማንም አይቃወመውም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። የተደበደበ፣ የተደፈረ ወይም በረኃብ የተቀጣ ሕፃን ጉዳዩ ፍርድ ቤት በተቀጠረበት ቀን ከሰፈሩ ስንት ሰው አብሮት ይሄዳል? ስም የሚጠራ አለ ወይ? ቀሪ የሚጽፍ አለ ወይ? የለም! ለሞተ ሰው ድንኳን የሚተክል ሰፈር፣ በሕይወት ላለ ልጅ አጠገቡ የሚቀመጥ አንድ ሰው ሲጠፋበት ነገሩ ምን ይባላል?

ልማዱ ከጎፋ እስከ ጀሞ፣ ከመካኒሳ እስከ ሐና ማርያም የታወቀ ነው። በልጅ ላይ በደል ሲደርስ ቀድሞ የሚጠራው ፖሊስ ሳይሆን ሽማግሌ ነው። ሽማግሌዎቹም ይሰበሰባሉ፣ ቡና ይፈላል፣ «የቤት ገመና አደባባይ አይውጣ፣ ነገር አታብዙ» ይባላል። በዳይ ጉልበት ይስማል፣ ካሣ ይቆረጣል። ካሣው የሚገባው በአባት ወይም በአጎት ኪስ ነው። ልጅቷ ግን ማታ የምትመለሰው እዚያው ቤት ነው። ከዚያ በኋላ ምስክር የተባለው ሁሉ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ይላል፤ መዝገቡም ማስረጃ አጥቶ ይዘጋል። እስቲ ፍረዱ! ይህ እርቅ ነው ወይስ ሽያጭ?

ሽምግልናን አንነቅፍም። ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ ጎረቤትና ጎረቤት በድንበር ሲጣሉ ያስታረቁ አባቶች ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን ለሁሉም ልክ አለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 በባህልና በሃይማኖት መዳኘትን የፈቀደው ለግልና ለቤተሰብ ክርክር ነው፤ ያውም ተከራካሪዎቹ ፈቃዳቸውን ሲሰጡ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ምን ፈቃድ ሰጠች? ማንስ ጠየቃት? በአንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃናትን በሚመለከት ጉዳይ ሁሉ ከሁሉ በፊት መታሰብ ያለበት የሕፃኑ ደህንነት መሆኑ ተጽፏል። የሽማግሌው ክብር ይቅደም፣ የቤተሰቡ ስም ይቅደም አይልም።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም አለ። በአንቀጽ 576 አሳዳጊ ሆኖ ሕፃንን ያንገላታ፣ ችላ ያለ፣ ከአቅሙ በላይ ያሠራ ወይም የደበደበ ሰው ይቀጣል። በአንቀጽ 627 ዕድሜው 13 ዓመት ያልሞላውን ሕፃን የደፈረ ቅጣቱ ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ይህን የመሰለውን ወንጀል የሚከሰው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ የአባት ይቅርታ ወይም የሽማግሌ ፊርማ አያስቀረውም። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ «ጨርሰነዋል» የሚል ሽማግሌ የጨረሰው ወንጀሉን አይደለም፤ የልጁን ተስፋ ነው።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዘመድ የሌላቸው ልጆች ነገር ነው። «አስተምራታለሁ» ተብላ ከገጠር መጥታ ሕፃን የምታዝል፣ ውሃ የምትቀዳ፣ እንጀራ የምትጋግር ልጅ በየግቢው አለች። እናቷ ሩቅ ናት፣ ስልክ የላትም፣ ፖሊስ ጣቢያው በየት በኩል እንደሆነ አታውቅም። ለእንዲህ ያለችው ልጅ ጎረቤት ካልቆመላት ማን ይቁምላት? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እየተባለ የሚተረተው ለዚህ ካልሆነ ለምንድን ነው?

አንዳንድ ሰዎች «እኛ ሕግ አልተማርንም፣ ፍርድ ቤት ገብተን ምን እንላለን?» ይላሉ። እውነት ነው፣ ጥብቅና ፈቃድ ይጠይቃል፤ ጠበቃ ሁኑ አላልንም። አብሮ መሄድ ግን ፈቃድ አይጠይቅም። ያዩትን መመስከርም ዲግሪ አይጠይቅም። ድሮ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እንኳ በአንቀጽ 11፣ ማንኛውም ሰው ወንጀሉ ሲፈጸም በዓይኑ ባያይም ለፖሊስ የማመልከት መብት እንዳለው ደንግጓል።

በአሜሪካ አገር ሲያትል በምትባል ከተማ ዴቪድ ሱካፕ የተባለ ዳኛ ነበር። ስለ ተበደሉ ሕፃናት የሚፈርደው ስለ ልጁ የሚነግረው ሰው በበቂ ሳይኖር መሆኑ እንቅልፍ ነሳው። እ.ኤ.አ. በ1977 ተራ ሰዎችን በበጎ ፈቃድ አሰለጠነ። የሕግ ሰዎች አልነበሩም። ሥራቸው ልጁን መጎብኘት፣ አስተማሪውንና ጎረቤቱን መጠየቅ፣ ያገኙትንም ጽፈው ለዳኛው ማቅረብ ነበር። ዛሬ ይኸው ሥራ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ይሠራል። ከተራ ሰው የተጠየቀው ጊዜና ታማኝነት ብቻ ነው። እሱ ደግሞ በእኛም ሰፈር አለ።

ሩቅ አገር ምን አስኬደን? በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ የ14 ዓመቷ አበራሽ በቀለ ተጠለፈች። ለማምለጥ ስትታገል ጠላፊዋን በጥይት ገደለችና በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። ብቻዋን ብትቀር ኖሮ ዕጣዋ ምን ይሆን ነበር? ነገር ግን እነ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያለ ክፍያ ቆመላት። ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። ያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከክስ ያድነው ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ይህን አስቀርቷል። አጠገቧ የሚቆም ሰው ያገኘች አንዲት ልጅ ጉዳይ ስንቱን እንዳነጋገረ አስተውሉ።

«አባትየው ቢታሰር ልጁን ማን ያበላዋል?» የሚለውም ክርክር አለ። ቀላል ጥያቄ አይደለም። ነገር ግን ፍርድ ቤት ሌላ ሞግዚት መሾም ይችላል፤ እድርም ሙት ከመቅበር አልፎ ለቸገረው መዋጮ ማዋጣት ያውቅበታል። ልጅን ለእንጀራ ሲባል ለደፋሪው አሳልፎ መስጠት ግን ማብላት አይባልም።

«ሕፃን ፍርድ ቤት ማቆም ሌላ ጉዳት ነው» ለሚሉም መልስ አለን። በልደታ ፍርድ ቤት ለሕፃናት የተለየ ችሎት አለ። ልጁ የሚቀመጠው በሌላ ክፍል ነው፤ የበደለውን ሰው ፊት ለፊት አያየውም። ጥያቄውን በለሰለሰ ቃል የሚያቀርብለት ባለሙያ አጠገቡ አለ፤ ዳኛው የሚያየውና የሚሰማው በቴሌቪዥን መስኮት ነው። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታልም ሕክምናው፣ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ ባንድ ቦታ የሚገኙበት ማዕከል ተቋቁሟል። መንገዱ ተጠርጓል፤ የጎደለው እጁን ይዞ የሚወስደው ሰው ነው።

በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በባሕር ዳር ተደፍራ የተገደለችው የሰባት ዓመት ሕፃን ነገር ሲሰማ አገሩ በሙሉ አለቀሰ። ያን ጊዜ ልጅቷ ከሞተች ዓመት ሞልቷት ነበር። ማልቀስ ሰውነት ነው፤ ነገር ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን እንፈራለን። ዛሬ በአጥራችን ማዶ ማታ ማታ የሚጮኸው ልጅ ገና በሕይወት አለ።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን።

1ኛ. ማንኛውም የእድሩ ሽማግሌ በሕፃን ላይ በተፈጸመ መድፈርና ከባድ ድብደባ እርቅ እንዳይቀመጥ፤ የተቀመጠም ከሽምግልናው እንዲነሳ።

2ኛ. ከየመንደሩ አንድ ሴትና አንድ ወንድ በበጎ ፈቃድ እንዲመረጡ። ሥራቸው ልጁን ወደ ፖሊስ፣ ወደ ሆስፒታልና ወደ ችሎት ማድረስ፣ ቀጠሮውን መዝግቦ መያዝ ነው። ልጁን መመርመር፣ ብቻውን ቤታቸው መውሰድ፣ ነገሩን ቡና ላይ ማውራት፣ ከማንም ወገን ገንዘብ መቀበል ክልክል ይሁን።

3ኛ. ከዚህ ተነስቶ ልደታ ለመድረስ ታክሲ መቀያየር ያስፈልጋል፤ ቀጠሮውም አንድ ቀን አያልቅም። የቀን ሠራተኛ ምስክር የዕለት እንጀራውን ትቶ መሄድ አይችልም። ስለዚህ የመጓጓዣውና የምሳው ወጪ ከእድሩ ሣጥን ይሸፈን።

4ኛ. ተራ የደረሰውና ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ተመራጭ፣ ልክ ቀብር እንደቀረ ሰው ይቀጣ።

የበዳይ ዘመድ ቂም ይይዛል ብላችሁ የምትሰጉ ካላችሁ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አንድ ሰው ቢመሰክር ጠላት ይገዛል፤ ሰፈሩ አብሮ ቢሄድ ግን ማን ማንን ይጣላል? ለመመዝገብ የምትፈልጉ በእድሩ ጽሕፈት ቤት ቀርባችሁ ስማችሁን አስመዝግቡ። ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶችም ይህን ጽሑፍ አንብቡላቸው።

ከእድሩ ጽሕፈት ቤት
ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ አዲስ አበባ