የመጎተቻው ሰንሰለትና ክሪኩ የት ይቀመጡ?

በቤትዎ ውስጥ ሾፌር ወይም ረዳት ካለ ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ እንግዳ አይሆንብዎትም። መኪና ደጅ በሚያድርበት ሰፈር ስኮርታው፣ ክሪኩ፣ ባትሪውና የመጎተቻው ሰንሰለት ሌሊቱን ከመኪናው ጋር አያድሩም። ዕቃው ቢጠፋ ተጠያቂው ሾፌሩ ነውና ማታ ማታ እየተሸከመ ወደ ቤት ያገባዋል። ቤቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንድ ክፍል፣ ቢበዛ ሁለት ክፍል ነው። በዚያው ክፍል ልጆች ይተኛሉ፣ ወጥ ይሠራል፣ ቡና ይፈላል። ታዲያ ያ ሁሉ ብረት የት ይቀመጥ? ባል «በር አጠገብ ይሁን» ይላል፤ ሚስት «እግሬን ሰበረው» ትላለች። የጭቅጭቁን ነገር ለሽማግሌ ትተን ስለ ቦታው እንነጋገር።

ከሁሉ አስቀድሞ የዕቃው ክብደት መታወቅ አለበት። «ከባድ ነው» ማለት ብቻ አይበቃም። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ብረት የተሠራ ሰንሰለት በአንድ ሜትር ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ አምስት ሜትሩ እንግዲህ ከ10 ኪሎ ያልፋል ማለት ነው። የትንሽ መኪና ባትሪ ከ12 እስከ 20 ኪሎ ሲሆን፣ ከከባድ መኪና ባትሪዎች መካከል 40 ኪሎና ከዚያም በላይ የሚመዝኑ አሉ። ሚዛን ፍለጋ መድከም አያስፈልግም። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ውኃ ሲሞላ ከ20 ኪሎ ጥቂት ያልፋል፤ ይህን ክብደት ደግሞ ክንድዎ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ከአንድ ሙሉ ጀሪካን የበለጠ የሚከብድ ዕቃ ሁሉ የሁለት ሰው ዕቃ ነው ብለው ይያዙት። ይህ የእኛ ግምት ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1991 ባሻሻለው ስሌት፣ አነሣሡ በሁሉም ረገድ የተመቸ ቢሆን እንኳ በእጅ የሚነሣ ሸክም ከ23 ኪሎ እንዳይበልጥ ይመክራል። የዓለም የሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ስምምነት፣ ሴቶችና ወጣት ሠራተኞች የሚሸከሙት ክብደት ለአዋቂ ወንዶች ከተፈቀደው በእጅጉ ያነሰ እንዲሆን ደንግጓል። ስምምነቱ የሚመለከተው በሥራ ቦታ ያለውን ሸክም ነው፤ ወገብ ግን የፋብሪካውን ሸክም ከቤቱ ሸክም ለይቶ አያውቅም።

ችግሩ የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስልዎት። በአሜሪካ ዘመድ ያለዎት እንደሆነ፣ ቤተሰቦች ለዕረፍት ሲወጡ በመኪናቸው ኋላ የሚጎትቷትን ትንሽ ቤት መሳይ ተሳቢ ፎቶግራፍ ላይ አይተው ይሆናል። ተሳቢዋ ትንሽ ትሁን እንጂ፣ ክብደቷን ለመኪናው የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የማያያዣ ብረት ከነዘንጎቹ 40 ኪሎ ግድም የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጉዞው ሲያበቃ ያንን ብረት የት ማስቀመጥ እንደሚሻል እነሱም ይቸገሩበታል። ብልሃተኞቹ እንዳለ አያነሡትም፤ ዘንጎቹን ይነቅላሉ፣ ዋናውን ራስ ለብቻው ያወጣሉ፣ እያንዳንዱን በየተራ ተሸክመው ከወለል ብዙ በማይርቅ መደርደሪያ ላይ ያኖራሉ። ይህ ዘዴ ለእኛም ይሠራል። የክሪኩ ማንሻ ይነቀል፤ ሰንሰለቱና ቁልፎቹ በአንድ ማዳበሪያ ታጭቀው አንድ ትልቅ ሸክም ከሚሆኑ በሁለት በሦስት ይከፈሉ።

ወደ ቦታው እንምጣ። ከባድ ዕቃ ቦታው ታች ነው፤ ይህ ክርክር አያስፈልገውም። ቁም ሣጥን ላይ የተሰቀለ ክሪክ አንድ ቀን መውረዱ አይቀርም፤ ሲወርድ ደግሞ ከሥሩ ማን እንደሚገኝ አይታወቅም። በኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ቤተሰቦች በረንዳ ላይ ስኮርታ ሲደረድሩ እናያለን። ፀሐዩ ጎማውን እያደረቀ ይሰነጥቀዋል፤ በበረንዳው ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ብረት ደግሞ ከታች ለሚያልፈው ሰው አደጋ ነው። ስኮርታን ግድግዳ ተደግፎ ማቆምም የተለመደ ስሕተት ነው። የቆመ ጎማ ለሕፃን መሰላል ነው፤ ሕፃኑ ሲንጠላጠልበት ከነቸርኬው ይወድቅበታል። ጎማ በጎኑ ይተኛ። ከላዩ ሣንቃ ቢያደርጉበትና ጨርቅ ቢያለብሱት ጥሩ መቀመጫ ይሆናል፤ ጠባብ ቤት ውስጥ ይህም ትርፍ ነው። ሆኖም መውጫ በሩን እንዳይዘጋ። ሌሊት እሳት ቢነሣ በጨለማ የሚሮጡበት መንገድ እሱ ብቻ ነውና።

አልጋ ሥር ማስቀመጥ መጥፎ አይደለም፤ መጥፎው ዕቃውን ከዚያ ማውጣቱ ነው። አጎንብሶ፣ ክንድን ዘርግቶ 20 ኪሎ ብረት ወደ ራስ መጎተት ለወገብ ከመሸከም የከፋ ነው። የሰፈር ልጆች በኩሽኔታ የሚሠሯትን መኪና ያስታውሱ። አንድ ጠንካራ ሣንቃ ላይ አራት አሮጌ ኩሽኔታ የገጠመ አናጢ፣ ወይም የራስዎ የ12 ዓመት ልጅ፣ አልጋ ሥር የሚገባና የሚወጣ ጋሪ ያበጅልዎታል። ገመድ ያስሩለትና ቆመው ይስባሉ። ወለሉ ዘንበል ያለ ከሆነ ግን በጎማዎቹ ሥር አንድ ሽብልቅ ይወትፉ፤ ዕቃውንም በገመድ ከሣንቃው ጋር ይሰሩ።

አሁን ስለ ዕቃዎቹ ጠባይ ጥቂት እንበል። በዘይት የሚሠራው ክሪክ ምሰሶው ሙሉ በሙሉ ወርዶ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ መቀመጥ አለበት። በጎኑ የተኛ እንደሆነ ዘይቱን ያንጠባጥባል፣ አየር ይገባበታል፤ በማግሥቱ መንገድ ላይ መኪና አንሥቶ መልሶ የሚጥለው እንዲህ ያለው ክሪክ ነው። ማንሻውን ለብቻው ደብቁት። ወንድ ልጅ ክሪክ አግኝቶ አልጋውን ወይም ቡፌውን ሳያነሣበት አይተወውም።

ሰንሰለት ከመግባቱ በፊት በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፣ ትንሽ ዘይት ይቀባ። የብረት ገመድ ደግሞ ሰፋ ተደርጎ ይጠቅለል። ተቆልምሞ የታጠፈ የብረት ገመድ በታጠፈበት ቦታ ክሩ ስለሚዳከም ሲጎተት የሚበጠሰው እዚያው ላይ ነው፤ ሲበጠስም እንደ ጅራፍ ይመለሳል። የተበጠሱት ቀጫጭን ክሮች እንደ እሾህ ስለሚወጉ ያለ ጓንት አይነካ። የናይሎን ገመድ ያለዎት እንደሆነ ከባትሪው ያርቁት። አሲድ ናይሎንን ይበላዋል፤ ጉዳቱ ደግሞ በዓይን ላይታይ ይችላል።

ባትሪው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እኛን ብትጠይቁን፣ ከተቻለ ሰው ከሚተኛበት ክፍል ጨርሶ ባይገባ እንመርጣለን። ኃይል ሲሞላ ሃይድሮጅን የተባለ በቀላሉ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣልና፣ ከከሰል ምድጃ፣ ከሻማና ከክብሪት መራቅ አለበት። አማራጭ ጠፍቶ ከገባ፣ ኃይል ሳይሞላበት፣ ቀጥ ብሎ፣ በፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ይቀመጥ፤ ቢፈስ አሲዱ ወለሉ ላይ አይደርስም። አሲድ ቆዳ የነካ እንደሆነ ወዲያው በብዙ ውኃ ይታጠብ፤ ዓይን ውስጥ የገባ እንደሆነ ሳያቋርጡ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ ካጠቡ በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። አሲድንም ሆነ ናፍጣን በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም። ሕፃን ጠርሙሱን እንጂ ውስጡን አያውቅም። ናፍጣ የጠጣን ልጅ ለማስመለስ አይሞክሩ፤ ፈሳሹ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ ያድርሱት።

አንድ በግልጽ መነገር ያለበት ነገር አለ፤ እናቶች አፍረው የሚሸፍኑት ስለ ሆነ ነው የምናነሣው። ባል ወደ ጅቡቲ መንገድ ከወጣ አራት ቀን ሆኖታል፣ ወለሉ መታጠብ አለበት፣ ብረቱ ደግሞ መሐል ላይ ነው እንበል። እናት ትንፋሽዋን ይዛ ታነሣዋለች። ከባድ ነገር ሲነሣ በሆድ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ወደ ታች ይሄዳል፤ ያንን ግፊት የሚሸከሙት ማኅፀንን ደግፈው የያዙት ጡንቻዎች ናቸው። በወሊድ የላሉ ጡንቻዎች ሳይጠነክሩ ሸክም ሲደጋገምባቸው ማኅፀን ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ እርጉዝ ሴትና ከወለደች ገና ስድስት ሳምንት ያልሞላት እናት ከሕፃኗ የሚከብድ ነገር ባታነሣ ይመረጣል። ታችዎን የሚጎትት ክብደት ከተሰማዎት፣ የሚወጣ ነገር ያለ ከመሰለዎት፣ ወይም ሽንት አልመጣ ካለ፣ «ከወለድኩ ወዲህ እንዲህ ነኝ» ብለው አይቀመጡ። ሕክምና አለው፤ ጤና ጣቢያ ሄደው በግልጽ ይናገሩ።

ስለዚህ ከባለቤትዎ ጋር የሚደረገው ስምምነት እሱ ከመውጣቱ በፊት ይሁን። የሚቀሩት ዕቃዎች በየቦታቸው ገብተው፣ ማንም ሳይነካቸው ወለሉ የሚታጠብበት ሆኖ ይሂድ። ሳይሆን ከቀረ ደግሞ ዙሪያውን ያጽዱትና ብረቱን ይተዉት፤ እንግዳ ቢመጣ አያሳፍርም። የግድ መነሣት ካለበት ጎረቤት ይጠሩ፤ ሁለታችሁም ጉልበታችሁን አጥፋችሁ፣ ዕቃውን ወደ ሆዳችሁ አስጠግታችሁ፣ አንዳችሁ ቆጥራችሁ እኩል ተነሡ። ሲዞሩ በእግር እንጂ በወገብ አይደለም።

የሥራ ቱታውን ጉዳይ ሳናነሣ እንዳንቀር። ባትሪ የሚጠግን ወይም አሮጌ ባትሪ የሚፈታ ሰው በልብሱ የእርሳስ ብናኝ ይዞ ይመጣል። የዓለም የጤና ድርጅት ለሕፃናት ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደሌለ ይናገራል፤ የሚጎዳውም አእምሮአቸውን ነው። ቱታው ደጅ ይውለቅ፤ ከሕፃኑ ጨርቅ ጋር በአንድ ሳፋ አይዘፍዘፍ፤ እጣቢውም ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ አይደፋ።