ግድግዳው በምን ተጭኖ ይምጣ?



ወደ ገረሴ የሚወጣውን ዳገት የሚያውቅ ሰው «ተገጣጣሚ ቤት የመኖሪያ ችግራችንን ይፈታል» የሚል ስብከት ሲሰማ አስቀድሞ የሚጠይቀው፣ ግድግዳው በምን ተጭኖ ሊመጣ ነው? ብሎ ነው። ባለፈው ክረምት ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ ጭቃ ይዞት ለሰዓታት ቆመናል። በመጨረሻ ከረጢቱ በትከሻ ወረደ። ግድግዳ ቢሆን ኖሮስ?

ሐሳቡ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በደርግ ዘመን በአዲስ አበባ በዩጎዝላቪያ ቴክኖሎጂ የተገጣጣሚ ሕንፃ አካላት ማምረቻ ተቋቁሞ ነበር። ሆኖም የደሃው ቤት ከዚያ አልወጣም። ጉድለቱ የባለሙያ አይመስለኝም። ፋብሪካ የሚያዋጣው ትእዛዝ ሳይቋረጥ ሲጎርፍለት ነው፤ የእኛ የቤት በጀት ግን እንደ ዝናባችን አንድ ዓመት ይጥላል፣ አንድ ዓመት ይጠፋል። ፋብሪካው ሥራ ሲፈታ ዕዳው አይፈታም።

ሁለተኛው መሰናክል የዋጋ ሚዛኑ ነው። አውሮፓ ቤቱን ወደ ፋብሪካ ያስገባው የሰው ጉልበት ስለተወደደበት ነው። በእኛ ዘንድ የተወደደው ክሬኑ፣ ነዳጁና በውጭ ምንዛሪ የሚገባው ብረት ነው፤ ርካሹ የወጣቱ ጉልበት ነው። ክፍያም በአብዛኛው የሚፈጸመው በቦታው የተሠራው ተለክቶ ስለሆነ፣ ተመርቶ ያልተገጠመ አካል የአምራቹን ገንዘብ አስሮ ያስቀምጣል።

ታዲያ ሐሳቡን እንጣለው? አይደለም። በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ በጀርመኑ ጂ.ቲ.ዜድ. ድጋፍ የተሞከረውና ኮንዶሚኒየሙ የወረሰው ዘዴ ሌላ መንገድ አሳይቷል። ሶሌታው በተገጣጣሚ ቢምና ባለቀዳዳ ብሎኬት ይሠራ ስለነበር የካሳፎርማ እንጨት ቀነሰ፤ ምርቱንም ጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች ያቀርቡ ነበር። ኮንዶሚኒየሙ ብዙ ይወቀሳል፤ ዋጋው ከደሃው አቅም በላይ ወጥቷል፣ ዕጣውም ዘግይቷል። እኔም ከወቃሾቹ አንዱ ነኝ። ዳሩ ግን ማምረቻውን ወደ ሠፈር ማውረዱ ትክክል ነበር።

የጋሞ ሰውማ ይህን ቀድሞ ያውቀዋል። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ የተሸመነ ነው፤ ምስጥ እግሩን ሲበላው ተቆርጦ ዝቅ ይላል፣ ካስፈለገም ሰዎች ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩታል። ወደ ቀርከሃ እንመለስ ማለቴ አይደለም። ቤቱ የሚጓዘው የተሸካሚውን አቅም አውቆ ስለተሠራ ነው ማለቴ ነው።

ስለዚህ ከግዙፍ ፋብሪካ በፊት ሦስት ነገር ይቅደም፦ ሁለት ሰው የሚያነሳው አካል፣ ለትምህርት ቤቱም ለጤና ጣቢያውም ለመኖሪያውም አንድ ወጥ ልክ፣ እንዲሁም በየዓመቱ የማይቋረጥ የመንግሥት ትእዛዝ። ያን ጊዜ የገረሴ ወጣት አምራች ይሆናል፤ ደመወዙን ለኪራይ የሚገፈግፈው መምህርም ጣሪያ ያገኛል። ይህ ሳይሟላ የሚተከል ፋብሪካ ሪባን ይቆረጥለት ይሆናል እንጂ ዳገቱን አይወጣም።

ቸር እንሰንብት።