መንግሥቱ ወርቁና የተዘጋበት በር

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ኢትዮጵያም ሁለቴ አቻ ሆነች። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን አገባ። ሊያልቅ 3 ደቂቃ ሲቀር ጎንደር የተወለደው የቅዱስ ጊዮርጊሱ አጥቂ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረ። 4 ለ 2፤ የአፍሪካ ዋንጫ እዚሁ ቀረ።

ሦስት ወር አልፎ ሚያዝያ 24 ቀን አምስተርዳም ላይ በአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ፣ ዩዜቢዮ ሁለት ግብ ያስቆጠረለት የፖርቹጋሉ ቤንፊካ ሪያል ማድሪድን 5 ለ 3 ረታ። እሱም አፍሪካዊ ነው፤ የሞዛምቢክ ልጅ። ሁለቱም በዚያ ዓመት ገና ወጣት ነበሩ። ዛሬ አንዱን ዓለም ያውቀዋል፤ ሌላውን የራሱ አገር ወጣት እንኳ በቅጡ አያውቀውም። ልዩነቱ ከእግራቸው መጣ ብዬ አላምንም። አጥቂን የሚያገንነው የሚረግጠው መድረክ ነው።

መንግሥቱ በአፍሪካ ዋንጫ 10 ግብ አለው፤ እስከ ዛሬ ከኢትዮጵያ የሚስተካከለው የለም። የዓለም ዋንጫ በር ግን ተዘግቶበት ነበር። ለ1958 ዓ.ም. ውድድር ፊፋ ለአፍሪካ ራሱን የቻለ አንድ ቦታ እንኳ ነፈገ፤ የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያው ጋር እንዲፋለም ወሰነ። የኢትዮጵያው ይድነቃቸው ተሰማና የጋናው ኦሄኔ ጃን ተቃውሞውን መሩ፤ አፍሪካም ከውድድሩ ወጣች። ትክክል ነበሩ፤ ለቀጣዩ ዋንጫ አንድ ቦታ የተገኘው በዚያ ትግል ነው። ዋጋውን የከፈሉት ግን በጉብዝናቸው ወራት የነበሩ እንደ መንግሥቱ ያሉ ተጫዋቾች ናቸው። አፍሪካ በቀረችበት በ1958ቱ ዋንጫ ዩዜቢዮ ለፖርቹጋል 9 ግብ አስቆጥሮ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ፤ ከእነዚህ አራቱን ሰሜን ኮሪያ ላይ፣ ቡድኑ 3 ለ 0 ከተመራ በኋላ። በቅኝ የተያዘችው አገር ልጅ እዚያ ደረሰ፤ የነጻዋ አገር ልጅ ቀረ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ዩዜቢዮም ቢሆን የሞዛምቢክን ማልያ አንድ ቀን ሳይለብስ ነው ጫማ የሰቀለው።

መንግሥቱ ኋላ አሠልጣኝ ሆኖ፣ በ2003 ዓ.ም. አረፈ። በሩ ግን ከጎንደር በላይ ላሉት ልጆች ዛሬም ጠባብ ነው። ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ገብሱ ከታጨደ በኋላ ማሳው ሜዳ ይሆናል፤ ግቡ ሁለት ሁለት ድንጋይ፣ ኳሷ በካልሲ የታጨቀ ጨርቅ። ሜዳው ተዳፋት ነው። ቁልቁል ያመለጠች ኳስ ሸለቆ ድረስ ታስኬዳለችና ልጆቹ መሬት ለመሬት ማቀበልን፣ ተከላካይን በጀርባ ይዞ ኳስ መጠበቅን ማንም ሳይነግራቸው ይለምዳሉ። ከአጥቂ የሚፈለገውም ይኸው ነው። እውነተኛ ኳስ ሲያገኙ ደግሞ በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ የተመታችው ትፈጥናለች።

የጎንደሩ ክለብ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲወስድ፣ የጎንደር ልጅ እንደ መንግሥቱ አዲስ አበባ መውረድ ሳያስፈልገው ሻምፒዮን መሆን እንደሚችል ታየ። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱም አስፋልት። ከአጨዳ እስከ ፋሲካ ባሉት ወራት የክለብ መልማይ ይህን መንገድ በየጊዜው ይውጣ፤ በዳባትና በደባርቅ ትምህርት ቤቶች መካከል ዳኛና ትክክለኛ ኳስ ያለው የታዳጊዎች ውድድር ይኑር። ለዚህ ስታዲየም እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልግም።