ምርመራው ጊዜው ያልፋል፣ ክትባቱ ግን አያልፍም

ሰሞኑን በካምፑ ውስጥ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። «ለሜዲካል ሳንጠራ ለምን እንከተባለን? በረራው እንደሆነ ቆሟል፤ ልጁን አሁን ማስወጋት ትርፉ ማስለቀስ ነው» ይባላል። ጥያቄው ከተስፋ መቁረጥ የመጣ ስለሆነ አንቆጣበትም። ስንት ዓመት ወረፋ ጠብቆ፣ ኢንተርቪው አልፎ፣ ራጅ ተነስቶ፣ ደም ሰጥቶ በመጨረሻ በሩ የተዘጋበት ሰው ቢሰለቸው አይፈረድበትም። ነገር ግን በጥያቄው ውስጥ ትልቅ ስህተት አለ። ዝም ብለን ብናልፈው ዕዳው የሚወድቀው በልጆቻችን ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ በግልጽ ልንነጋገርበት ይገባል።

በመጀመሪያ ከየት እንደመጣን እናስታውስ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ይህን ቡለቲን ከምናዘጋጀው መካከል ከካርቱም የሸሸን አለን። ጦርነቱ የተጀመረው ቅዳሜ ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ነው። ለእኛ ቀዳም ስዑር ነበረች፤ በማግስቱ ፋሲካ ነው። በዴም፣ በጅሬፍ፣ በሰሐፋ ለዶሮው ሽንኩርት እየከተፈ የነበረ ቤት ሁሉ ተኩሱ ሲበረታ ድስቱን ጥሎ ወጣ። ሰው ሲሸሽ የሚይዘው ልጁንና ስልኩን ነው፤ የክትባት ካርድ ትዝ የሚለው የለም። የስደተኛ መታወቂያው እንኳ እዚያው የቀረበት ብዙ ነው። ከመካከላችን አንዱ የልጁን ካርድ ቤት ጥሎ በመምጣቱ ልጁ ከዚህ በፊት የወሰደውን ሁሉ እንደገና ከአንድ ጀምሯል።

ካርቱም ስትመታ የአገሪቱ ጤና አጠባበቅም አብሮ ተመታ። በዚያው ወር የፖሊዮ፣ የኩፍኝና የኮሌራ ናሙና የሚቀመጥበት ብሔራዊ የጤና ላቦራቶሪ በተዋጊዎች እጅ መውደቁን የዓለም ጤና ድርጅት አስታወቀ። በደቡብ ዳርፉር ደግሞ በዘረፋ ምክንያት ከአንድ ሚሊዮን በላይ የፖሊዮ ክትባት መበላሸቱን ዩኒሴፍ ተናገረ። ከጦርነቱ በፊት፣ በ2022፣ ከአሥር የሱዳን ሕፃናት ዘጠኙ መሠረታዊውን ክትባት ያገኙ ነበር። በ2024 ግን ግማሹ እንኳ አላገኘም።

ይህ ምን እንዳመጣ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር 2023 አጋማሽ ባሉት አራት ወራት ብቻ በነጭ አባይ ክፍለ ሀገር በሚገኙ ዘጠኝ የስደተኛ ካምፖች ከ1,200 በላይ ሕፃናት መሞታቸውን ዩኤንኤችሲአር አሳውቋል። ሁሉም ከአምስት ዓመት በታች ናቸው። ኩፍኝ ነው ተብሎ የተጠረጠረ ወረርሽኝና የምግብ እጥረት ተደራርበው ነው የጨረሷቸው። ወገኖቻችን፣ ኩፍኝ የኬዝ ቁጥር አይጠይቅም። ኢንተርቪው ያለፈውንና ያላለፈውን ለይቶ አያውቅም። እንግዲህ «ሜዲካል እስክንጠራ» የሚለው አባባል የሚያስፈራን ለዚህ ነው። ክትባቱ በመጀመሪያ እዚህ፣ በዚህ ድንኳን ውስጥ ላለው ልጅ ነው። ለኤምባሲው የሚጠቅመው ከዚያ ቀጥሎ ነው።

አሁን ወደ ፕሮሰሱ እንምጣ። ብዙ ሰው የተለያዩ ሕጎችን ስለሚቀላቅል እንለያየው።

አሜሪካ በ1996 ባወጣችው ሕግ መሠረት ለቋሚ ኑሮ የሚገባ ሰው ለዕድሜው የታዘዙትን ክትባቶች መውሰዱን ማሳየት አለበት። እነዚህም ኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍ፣ ሩቤላ፣ ፖሊዮ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ዲፍቴሪያ፣ ትክትክ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ ጉድፍና ሌሎችም ናቸው። በቤተሰብ ጥሪ ወይም በዲቪ የሚሄድ ሰው ይህን ማሟላት ያለበት ቪዛው ከመሰጠቱ በፊት፣ ኤምባሲው በመደበው ሐኪም ዘንድ ነው። በስደተኝነት የሚሄድ ሰው ግን ከመሳፈሩ በፊት በክትባት ጉድለት አይከለከልም። እርሱ የሚጠየቀው አሜሪካ ገብቶ አንድ ዓመት ከቆየ በኋላ ግሪን ካርድ ሲያመለክት ነው። ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ በተመረጡ አገሮች ለስደተኞች ከጉዞ በፊት ክትባት የሚሰጥ ፕሮግራም ተጀምሯል። ነገር ግን ይህ በፈቃድ ነው፤ ሲሰጣችሁ ውሰዱት። ምክንያቱም እዚያ ስትደርሱ ልጅ ትምህርት ቤት ለማስገባትም የክትባት ማስረጃ ይጠየቃል። ካናዳ ደግሞ በሕክምና ምርመራዋ ላይ ክትባትን ግዴታ አላደረገችም።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። የክትባት ጉድለት እንደ ቲቢ የሚያስፈራ ነገር አይደለም። የጎደለው እዚያው በመርፌ ይሞላል። ሦስት ጊዜ የሚወሰደውን ሄፓታይተስ ቢ ገና አንዴ ብቻ የወሰደ ሰው «ስድስት ወር ጠብቀህ ጨርስና ና» አይባልም። ጊዜው ያልደረሰውን ሐኪሙ «ጊዜው አልደረሰም» ብሎ ይጽፍና ያልፋል። እርጉዝ ሴትም የኩፍኝና የጉድፍ ክትባት አይሰጣትም፤ ያንንም ሐኪሙ በወረቀቱ ላይ ያሰፍረዋል እንጂ በዚህ የተነሳ አትከለከልም። እርግዝናን ከሐኪም መደበቅ ግን ለእናትየውም ለጽንሱም ጥሩ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ መንግሥት የስደተኞች ቅበላን ሲያቆም ትኬት የተቆረጠላቸው ሰዎች ሁሉ በያሉበት ቀሩ። ሜዲካል ጨርሰው የነበሩት ራጃቸውም ደማቸውም ጊዜው አለፈበት። ምክንያቱም የሕክምናው ውጤት የሚያገለግለው እንደ ሁኔታው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ነው። በዚህ የተናደዱ ወገኖቻችን «ልፋታችን ሁሉ መና ቀረ» አሉ። ሁሉም ግን መና አልቀረም። በክንዳቸው የገባው ክትባት ዛሬም አለ። ቀኑ የተጻፈበት ካርድ እስካላቸው ድረስ ከአምስት ዓመት በኋላም ቢሆን ይቆጠርላቸዋል። ሦስት ዙር ከሚያስፈልገው ሁለቱን የወሰደ ሰው የሚቀረው አንድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ስላለፈ ብቻ ከመጀመሪያው ጀምር አይባልም። በዚህ ረጅም ጥበቃ ውስጥ ሠርተን አስቀምጠነው የማይበላሽብን ነገር ትንሽ ነው። አንዱ ይህ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው የሚያሳፍረን ነገር ነው፤ ግን ካልተነገረ አይታረምም። በየሱቁ ማህተም የተመታበት ባዶ የክትባት ካርድ በገንዘብ ይገኛል። ስምና ቀን ሞልቶ ይዞ መሄድ እንደ ብልጠት ይቆጠራል። እስቲ እናስበው። በስደተኝነት ለሚሄድ ሰው ክትባቱ ከጉዞ በፊት ግዴታ አይደለም። በቤተሰብ ለሚሄደውም የጎደለው በዚያው ቀን ይሰጠዋል። እንግዲህ የሐሰት ካርድ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን የከፈለው ለምንድነው? አንደኛ፣ ልጁ ያለ ክትባት ይቀራል፤ ሐኪሙም የተከተበ መስሎት ሳይወጋው ያልፈዋል። ሁለተኛ፣ በቪዛ ጉዳይ የሐሰት ወረቀት ማቅረብ ዕድሜ ልክ ሊያስከለክል ይችላል። የጎደለ ክትባት በአምስት ደቂቃ ይስተካከላል፤ ማጭበርበር ግን በፋይል ላይ ይቀራል። በተጨማሪ የዩኤንኤችሲአር አገልግሎት በሙሉ በነጻ ነው፤ ወደ አሜሪካ በስደተኝነት የሚሄድ ሰው የሚያደርገው ሜዲካልም ገንዘብ አይጠየቅበትም። «ሜዲካል አስጠራሃለሁ፣ ክትባቱን እኔ እጨርስልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሁሉ አታላይ ነው።

ሌላው የሚያሳስበን ወሬ ነው። ዝርዝሩ በየጊዜው ስለሚለወጥ የትናንቱን ወሬ ለዛሬ መያዝ ያሳስታል። የማህፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት ለጥቂት ጊዜ ግዴታ ነበር፤ በዲሴምበር 2009 ተነሳ። የኮቪድ ክትባት በኦክቶበር 2021 ግዴታ ሆነ፤ በጃንዋሪ 2025 እርሱም ተነሳ። ዛሬም ግን «ኮቪድ ካልተወጋህ አትሄድም» የሚል አለ። ቢጫ ወባም እንዲሁ ይምታታል። ቢጫዋ ደብተር ከአሜሪካው ሜዲካል ጋር አትገናኝም፤ ከቢጫ ወባ አካባቢ የሚመጣን መንገደኛ ብዙ አገሮች በኬላቸው የሚጠይቋት ናት። በ2012 በዳርፉር የተነሳው ቢጫ ወባ ከ160 በላይ ሰው ስለገደለ ጥያቄው ያለ ምክንያት አይደለም። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ አሥር ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። ከጁላይ 2016 ወዲህ ደግሞ አንዴ የተወሰደው ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ስለዚህ «አሥር ዓመት አልፎታል፣ ክፈልና አሳድስ» የሚላችሁን አትስሙ።

አንድ ሰው ባለመከተቡ የሚጎዳው ራሱን ብቻ አለመሆኑንም እንወቅ። በሴፕቴምበር 2021 ከአፍጋኒስታን ወደ አሜሪካ ከተወሰዱት ሰዎች በጥቂቶቹ ላይ ኩፍኝ በመገኘቱ በረራው በሙሉ ለሳምንታት ቆሞ ነበር። በኋላም በየጣቢያው የነበረው ሁሉ ተከትቦ 21 ቀን እንዲጠብቅ ተደረገ። የጥቂት ሰው ኩፍኝ በሺህ የሚቆጠር ሰው አስቀርቷል ማለት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? የምንለው ከባድ ነገር አይደለም።

እናቶችና አባቶች ሆይ፣ ሱዳኖች «ተጥዒም» ብለው ሲጠሩ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። ዘመቻውም መደበኛውም ይጠቅማል። አዋቂዎችም ብንሆን «እኔ ድሮ ተከትቤያለሁ» አንበል። ሄፓታይተስ ቢን የያዘው አምስት በአንድ የሆነው ክትባት ኢትዮጵያ ውስጥ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ2007 ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው በልጅነቱ አላገኘውም ማለት ይቻላል። የኩፍኝና የጉድፍ ክትባት በአንድ ቀን ካልተሰጠ ቢያንስ አራት ሳምንት መራራቅ ስላለበት በቅርቡ የወሰዳችሁትን ለሐኪሙ ንገሩት።

ከሁሉ በላይ ካርዱን ጠብቁ። «ከተበ» በግዕዝ ጻፈ ማለት ነው፤ በዓረብኛም እንደዚሁ። ኤምባሲው የመደበው ሐኪምም የሚቆጥረው የተጻፈውን ነው። «ወስጃለሁ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ስም፣ የክትባቱ ዓይነትና ቀኑ መታየት አለበት። ስለዚህ ካርዱን በላስቲክ ጠቅልሉት፣ ዝናብ እንዳይነካው። በስልክ ፎቶ አንሱትና ፎቶውን ሌላ ቦታ ላለ ዘመድ ላኩ። በካርቱም ያቃጠለን ይህ ነው፤ ቤቱ ሲቀር ወረቀቱም አብሮ ቀረ። ካርድ የጠፋባችሁም ተስፋ አትቁረጡ። ሐኪሙ ደግሞ ቢሰጣችሁ ጉዳት የለውም፤ ለአንዳንዱም የደም ምርመራ መከላከያው በሰውነት ውስጥ መኖሩን ሊያሳይ ይችላል።

ለካምፑ ክሊኒክ ሠራተኞችም አንድ አደራ አለን። ድካማችሁን እናውቃለን፤ መድኃኒት ሳይኖር፣ መብራት ሳይኖር ነው የምትሠሩት። ነገር ግን መርፌውን ሰጥታችሁ ቀኑን ሳትጽፉ አትሸኙን። ማህተም ስትመቱም የሚነበብ ይሁን። ኮርና ዩኤንኤችሲአርም የእያንዳንዱን ልጅ የክትባት መዝገብ ከቤተሰቡ ፋይል ጋር ቢያያይዙት፣ ነገ ሌላ ሽሽት ቢመጣ ልጁ እንደገና ከአንድ አይጀምርም።

በሩ መቼ እንደሚከፈት በእጃችን አይደለም። የልጃችን ክንድና ካርዱ ግን በእጃችን ናቸው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ዛሬ የምናደርገው ለነገው በረራ ብቻ ሳይሆን ለዛሬው ሌሊትም ነውና ክሊኒኩ ክፍት በሆነበት ቀን ቤት አንቀመጥ እንላለን።