የአካል ጉዳተኞች ጉዳይ በመሥሪያ ቤቶች መካከል እንዳይቀር

አካል ጉዳተኝነት በሰው ሕይወት፣ ትምህርትና ዕድገት ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ በጉዳቱ ዓይነት ብቻ አይወሰንም። ጉዳቱ በስንት ዓመት ዕድሜ እንደታወቀ፣ ልጁ በምን ዘዴ እንደተማረ፣ ከተማረም በኋላ ቀጣሪው እንዴት እንደተቀበለው የሚኖረው ድርሻ ከፍተኛ ነው። በምዕራብ ጎጃም ዞን ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ከተሞች አንስቶ እስከ ገጠር ቀበሌዎች ጉዳዩን በዚህ ዓይን መመልከት ለመፍትሔው ይበጃል።

ጎጃም ለዚህ የራሱ ማሳያ አለው። በዋሸራና በጎንጅ ስም በሚታወቀው የቅኔ ትምህርት ተማሪው በጆሮው ሰምቶ በኅሊናው ይይዛል፤ የተቀኘውንም በቃሉ ለመምህሩ ያሰማል። በመሆኑም ዓይነ ስውራን ከዓይናማ ጓደኞቻቸው እኩል ተምረው ለመምህርነት ሲበቁ ኖረዋል። ያው ዓይነ ስውር ልጅ ትምህርቱ በጥቁር ሰሌዳ ወደሚሰጥበት መደበኛ ትምህርት ቤት ሲገባ ብሬይልና የሠለጠነ መምህር ካላገኘ ወደኋላ ይቀራል። የተለወጠው የልጁ ዓይን ሳይሆን የማስተማሪያው ዘዴ ነው።

መስማት የተሳነው ልጅ የሚገጥመው ችግር ከዚህ የተለየ ነው። ሌሎች ልጆች በ7 ዓመታቸው አንደኛ ክፍል ሲገቡ ቋንቋ ይዘው ይመጣሉ። መስማት የማይችለው የገጠር ልጅ ግን የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው በአካባቢው ከሌለ ከቤተሰቡ ጋር በተወሰኑ ምልክቶች ብቻ እየተግባባ ያድጋል። ቋንቋ በሚለመድባቸው የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያልተገኘው ዕድል በኋላ በቀላሉ አይካካስም። በዚህም የተነሳ ልጁ ያላገኘው ዕድል እንደ አእምሮ ድክመት የሚቆጠርበት አጋጣሚ ብዙ ነው።

ዕድሉ ሲገኝ ውጤቱ ምን እንደሚመስል የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ ሕይወት ያሳያል። በደቡብ ወሎ አማራ ሳይንት ተወልደው በ5 ዓመታቸው የዓይን ብርሃናቸውን ያጡት የትነበርሽ በሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገብተው ተማሩ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠኑ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 “ራይት ላይቭሊሁድ” የተሰኘውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ዓይነ ስውርነታቸው ያለዕድሜ ጋብቻ እንዳዳናቸውም በተለያዩ መድረኮች ተናግረዋል። ይሁንና ለዚህ የበቁት ከትውልድ ቀያቸው ርቀው ሄደው ነው። ርቆ መሄድ የማይችለው ልጅ በቀበሌው ትምህርት ቤት የሚያገኘው ድጋፍ ወሳኝ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በገጠሩ ለአካል ጉዳት ከሚዳርጉ ምክንያቶች ገሚሶቹ መከላከል የሚቻሉ ናቸው። የአማራ ክልል በትራኮማ ክፉኛ ከተጠቁ የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው። በሽታው ሳይታከም ሲቀር የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽፋሽፍቱም ብሌኑን እየፋቀ ለዓይነ ስውርነት ያደርሳል። ፊትን በንጹሕ ውኃ መታጠብ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ በዘመቻ የሚሰጠውን መድኃኒት መውሰድና ቀላል ቀዶ ሕክምና ይገቱታል። በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ በመመላለስ የሚመጣውንና በደጋና በወይና ደጋ የሚታየውን የእግር እብጠት፣ በተለምዶ “ዝሆኔ” የሚባለውን፣ ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ያስቀረዋል። ወላጅ ዓይነ ስውር ሲሆን ምርኩዝ ይዞ የሚመራው ልጅ ከትምህርት ገበታው ይቀራል። አንድ ያልታከመ ዓይን የሁለት ትውልድ ጉዳት የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ሌላው ችግር የመረጃ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአገሪቱን አካል ጉዳተኞች ከጠቅላላው ሕዝብ 1 በመቶ ገደማ አድርጎ አቅርቧል። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶው፣ ማለትም 1 ነጥብ 3 ቢሊዮን ያህሉ፣ ከባድ የአካል ጉዳት እንዳለበት ገምቷል። የልዩነቱ አንዱ ምክንያት አጠያየቁ ነው። “በቤቱ አካል ጉዳተኛ አለ?” ሲባል ቤተሰብ ሊደብቅ ይችላል። “ለማየት፣ ለመስማት፣ ለመራመድ፣ ለማስታወስ፣ ራሱን ለመንከባከብ ወይም ለመግባባት የሚቸገር አለ?” ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ይለያል። ያልተቆጠረ ሰው ደግሞ ዕቅድም በጀትም አይያዝለትም።

የሕግ ማዕቀፉ ተሟልቷል ለማለት ያስደፍራል። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ይደነግጋል። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ለሥራው ብቁ ሆኖ እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ያገኘ አካል ጉዳተኛ ቅድሚያ እንዲያገኝ፣ ቀጣሪውም የሥራ ቦታውን ምቹ እንዲያደርግ ያስገድዳል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ሰዎች ጭምር መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖራቸው ያዛል። አገሪቱ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትንም በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክና በከተማዋ ያሉ ሌሎች ቀጣሪዎች ሠራተኛ ሲቀበሉ እነዚህ ሕጎች ይመለከቷቸዋል።

ክፍተቱ ያለው በአፈጻጸሙ ሰንሰለት ላይ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሕፃኑን ቤቱ ድረስ ሄዳ ታያለች፤ ትምህርት ቤቱ የሚያየው ከተመዘገበ ብቻ ነው። ማኅበራዊ ጉዳይ ድጋፍ ለሚሻው ቤተሰብ ያስባል፤ ሥራ ስምሪት ግን በሌላ መሥሪያ ቤት ነው። በ2014 ዓ.ም. በፌዴራል ደረጃ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥራ ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ እና ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴሮች ሲከፋፈል የአካል ጉዳተኞች ጉዳይም በሁለቱ መካከል የጠበቀ ቅብብል የሚሻ ሆኗል። ቅብብሉ በወረዳ ደረጃ ከላላ ልጁ በአንዱ መዝገብ እየታየ በሌላው ይጠፋል።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ያጋጠመው የጸጥታ ችግር የብዙ ተማሪዎችን ትምህርት አስተጓጉሏል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሌላው ልጅ ቤቱ ሆኖ መጽሐፍ ሊያነብ ይችላል፤ ብሬይል የሚያነበው ወይም በምልክት ቋንቋ የሚማረው ልጅ ግን መምህሩንም መሣሪያውንም በአንድ ጊዜ ያጣል። ትምህርት ቤቶች ዳግም ሲከፈቱ ስሙ ከመዝገብ የሚወጣውም በቅድሚያ እርሱ እንዳይሆን ያሰጋል።

ስለሆነም የመፍትሔው መነሻ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አይደለም። በጤና ኬላ የታወቀው ልጅ ስም ለትምህርት ቤቱ፣ ከትምህርት ቤቱም ለማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ እንዲተላለፍ ማድረግ በወረዳው እጅ ያለ ሥራ ነው። የፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅን የመሳሰሉ ተቋማትም ወደ ገጠር የሚላኩትን መምህራን በብሬይልና በምልክት ቋንቋ መሠረታዊ ዕውቀት ማስታጠቅ ይጠበቅባቸዋል። የቅኔው ጉባኤ ለዘመናት ያስመሰከረው ሐቅም ይኸው ነው፤ መንገዱ ከተመቻቸ ልጁ ይማራል።